ሚሊዮን የተባለችው ሲንጀር

ስሙ ቢያዝን ይሁን እንጂ ሲያዝን ያየው ሰው ጥቂት ነው። ጎንደር ፒያሳ፣ ከጫማ መሸጫዎቹ ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ በረንዳ ላይ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የልብስ ስፌት መኪና ሲጠግን ኖሯል። ዕቃው ሦስት ካቻቢቴ፣ አንድ መዶሻና አንድ የዘይት ጣሳ ነው። ከተማው ውስጥ ያለ ሰፊ ሁሉ ያውቀዋል። መኪናዋ ክር ስትበጥስ፣ ስትዘል፣ ስትንቋቋ ወደ እሱ ትመጣለች፤ እሱም አንዴ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣትና «ዘይት ጠምቷት ነው» ወይም «መርፌዋን ገልብጠሽ አስገብተሽ ነው» ይላል። ከአሥሩ የዘጠኙ መርፌ የተገለበጠ ነው።

ሰው የሚያውቀው ግን ከጥገናው ይልቅ በዋጋ ግመታው ነው። አሮጌ ሲንጀር ሊሸጥ የፈለገ፣ ሊገዛ የፈለገ፣ ከውርስ ላይ የተጣላ ሁሉ ቢያዝንን ይጠራል። ያላት ዋጋ እሱ የተናገራት ናት፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። ይህም የሆነው ቢያዝን ሲበዛ ብልህ ስለሆነ አይደለም። መኪና ሲያይ አፉ ራሱን ይቀድመዋል። አንድ ጊዜ አራዳ ላይ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ሞተው ለቅሶ ሄደ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በተቀመጠበት፣ ጥግ ላይ የቆመችውን የሟችን መኪና አየና ለራሱ የሚናገር መስሎት «ዘጠኝ ሺህ» አለ። ቀጥሎም «ከነክዳኗ አሥር» ብሎ ጨመረ። ከወዲህና ከወዲያ ሆነው ሲያለቅሱ የነበሩት የሟች ሁለት ወንድሞች ለቅሷቸውን አቋርጠው ጆሯቸውን አስጠጉ።

ብዙ ሰው መኪና ባረጀች ቁጥር ዋጋዋ ይጨምራል ብሎ ያምናል። ቢያዝን በዚህ ይናደዳል። «እርጅና የሚያስከብረው ሰውን ነው» ይላል። «መኪና ያረጀች እንደሆነ የሚጠየቀው መለዋወጫዋ ነው።» በላይዋ ላይ የተሳለውን ወርቃማ ሐረግ ቀና ብሎም አያየው። መጀመሪያ የሚያየው የታች ክር ማስቀመጫዋን ነው። ክብ ከሆነች ዕቃዋ ከሱቅ ይገኛል፤ ታንኳ መስላ ረዘም ያለች እንደሆነ ግን ዕቃዋ የሚገኘው ከሌላ ከሞተች መኪና ሬሳ ላይ ብቻ ነው። ቀጥሎ ዓይኑን ጨፍኖ መዘውሯን በአንድ ጣቱ ያዞራል። ከዚያ ዓይኑን ሳይገልጥ ዋጋዋን ይናገራል።

ሚስቱ የትነበርሽ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታቸው መስኮት ሥር፣ ከእናቷ በወረሰቻት ባለ እግር ሲንጀር ላይ ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የጥምቀት ቀሚስና የሰፈሩን መጋረጃ ሁሉ ትሰፋለች። በትዳር ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቆይተዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ቢያዝን የጎንደርን መኪና ሁሉ ሲገምት፣ የሚስቱን መኪና ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር።

አንድ እሑድ ምሳ እየበሉ ሳለ ጎረቤታቸው ሰብለ ወንጌል ገባች። ከደጃፉ ሳታልፍ ነው የጠየቀችው።

«አያ ቢያዝን፣ አዘዞ ያለችው እኅቴ መኪናሽን ሽጪልኝ ብላኛለች። ስንት ልበላት?»

«ያቺ ባለፈው ቺንጋዋን የቀየርኩልሽ? አሥራ አንድ ሺህ። ከዚያ በታች እንዳትሰጫት።»

ሰብለ ወንጌል ደስ ብሏት ሄደች። የትነበርሽ ወጥ እየጨመረችለት፣ ለጨዋታ ያህል፣ «የኔዋስ?» አለችው።

ቢያዝን እንጀራ እየጠቀለለ ነበር። ራሱን ቀና አላደረገም። ወደ መስኮቱም ዞር አላለም።

«ስድስት ሺህ አምስት መቶ» አለ።

የትነበርሽ የወጡን ጭልፋ አስቀመጠች። ቢያዝን የራሱን ማኘክ ሰማ። አንድ ነገር እንደተበላሸ ገባው፤ ሊያቃናውም ብሎ፣ «መሳቢያዋ ባይጠፋ ኖሮ ሰባት ትገባ ነበር» አለ።

«ከሰብለ ወንጌል በታች?»

«የሰብለ ወንጌል እኮ ክቧ ናት። ያንቺዋ ባለ ታንኳ ናት፤ ዕቃዋ አይገኝም። ደግሞ አንዱን እግሯን ድሮ አናጢ በእንጨት ነው የተካው። ሸጋ መኪና ናት፤ ግን…»

ይቺን «ግን» ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቧታል። እሷን ባይናገር ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር። የትነበርሽ ተነሣች፤ ወደ መኪናዋ ሄዳ፣ ክፉ ነገር እንዳትሰማ ብላ ይመስል፣ ጨርቋን አለበሰቻት። ከዚያ ሳህኑን አነሣችና፣

«ጠግበዋል፣ አቶ ቢያዝን?» አለችው።

አልጠገበም ነበር። ግን በሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እንኳ «እርስዎ» ብላው ስለማታውቅ፣ «አዎ» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ አክብሮት በዛ። «ሻይ ይጠጣሉ?» «ልብስዎ ደርቋል፤ ይውሰዱት።» «ከወጡ አይቀር በሩን ይዝጉት።» ጎረቤት ይህን ሰምቶ ቀና። ሰብለ ወንጌል ለገዛ ባሏ፣ «የትነበርሽን አየሃት ወይ? በስተርጅና እንኳ ባሏን እንዴት እንደምታከብር» ብላ ነገረችው። ቢያዝን ግን በአክብሮቱ ቁልቁል ሄደ። በየምሳው ሹሮው እየቀጠነ፣ አክብሮቱ እየወፈረ መጣ።

በሁለተኛው ሳምንት የሱሪው መቀመጫ ተተረተረ። እንደ ልማዱ አጥፎ ከመኪናዋ አጠገብ አስቀመጠው። ሱሪው እዚያው ሦስት ቀን ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ቢጠይቃት፣ «ፒያሳ ላይ ጎበዝ ጎበዝ ሰፊዎች አሉ ይባላል። እርስዎ ደግሞ ዋጋ ያውቃሉ» አለችው።

ፒያሳ ያለው ሰፊ ሁሉ ወዳጁ ነው፤ ችግሩም እሱ ነበር። ሱሪውን ይዞ ቢሄድ፣ «ምነው፣ ሚስትህ ታማለች?» ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ ሱሪውን ለብሶ፣ ጀርባውን ወደ ግድግዳ አድርጎ መሄድ ጀመረ። ሰው ሰላም ሲለው ሳይዞር እንደ ሸርጣን በጎኑ ይንቀሳቀሳል። ወዳጆቹ ወገቡን አሞታል ብለው አዘኑለት። አንዱ ጠበል ሂድ አለው።

በመጨረሻ በረንዳው ላይ ለጥገና ከመጣች አንዲት መኪና ጋር ብቻውን ቀረና ራሱ ሰፋው። ቢያዝን መኪና መጠገን እንጂ መስፋት አይችልም። ቀዳዳውስ ተዘጋ። ወደ ቤቱ በባጃጅ ሄዶ ሒሳብ ሊከፍል እጁን ሲሰድ ግን የኋላ ኪሱም አብሮ ተሰፍቶ ተገኘ። ገንዘቡ ከጨርቁ በስተጀርባ ይዳሰሳል፤ አይወጣም። ባለ ባጃጁ ደሴ የሚባል የሰፈራቸው ልጅ ነው። ቢያዝን ኪሱን ሲታገል መስተዋት ውስጥ ሲያየው ቆይቶ፣ «ተወው፣ አያ ቢያዝን። ሱሪህ ሲያልቅ ትከፍለኛለህ» አለው።

ይህን ጊዜ ቢያዝን ወደ ነፍስ አባቱ ወደ ቄስ ኪዳነ ማርያም ሄደ። ቄሱ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙት። ኪሱ ጋ ሲደርስ ለአፍታ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ሲገልጡት ግን ኮስተር ብለው ነበር።

«ስድስት ሺህ አምስት መቶ አልካት?»

«ዋጋዋ እኮ ነው፣ አባቴ።»

«ሐሰት ተናገር አልልህም። ግን የሚስትህን መኪና በገበያ ሚዛን ለምን ታስቀምጣታለህ? ልብህ የሚሰጣትን ዋጋ ንገራት።»

ቢያዝን አሰበ። «ልቤም መኪና ጠጋኝ ነው፣ አባቴ። እሱም የሚለኝ ስድስት ሺህ አምስት መቶ ነው።»

ቄስ ኪዳነ ማርያም ተነፈሱ። «እንግዲያስ ልብህን አሳርፈውና ምስጋናውን አፍህ ያድርሰው። በሰው ፊት አድርገው። በሰው ፊት የተዋረደች በሰው ፊት ትነሣ።»

ቢያዝን፣ የትነበርሽ የተዋረደችው በሰብለ ወንጌል ፊት እንኳ እንዳልነበር ሊናገር ከጀለና ተወው።

በወሩ አሥራ ሁለት የሚካኤል ማኅበር ተራ የእነሱ ነበር። ቤቱ ሞላ። ማኅበርተኞቹ በሉ፣ ጠላውም ዞረ። ደሴ እናቱን በባጃጅ ሊያደርስ መጥቶ እሱም ከደጃፉ አጠገብ አንድ ብርጭቆ ተሰጥቶት ተቀምጧል። ቢያዝን ከሦስተኛው ብርጭቆ በኋላ ተነሣ። እንደለመደው ጀርባውን ወደ ግድግዳው ሰጥቶ በጎኑ እየተንፏቀቀ እስከ መስኮቱ ሄደና እጁን መኪናዋ ላይ አሳረፈ።

«ወገኖቼ» አለ፤ «በጎንደርና በዙሪያዋ ያለች መኪና ሁሉ በዚህ እጅ አልፋለች። ሁሉም ዋጋ አላት። ይህችን ግን…» እዚህ ላይ ልቡ «ስድስት» ሊል ሲንደረደር በጉልበት መለሰው፤ «ይህችን ግን በሚሊዮን ብር አላገኛትም። ይህን የምለው እኔ ቢያዝን ነኝ።»

ማኅበርተኛው ሁሉ ወደ መኪናዋ ዞረ። ሌላ ሰው ቢናገረው ይስቁ ነበር። ቢያዝን ግን በመኪና ዋጋ ሲቀልድ ሰምተውት አያውቁም። የትነበርሽ ጠላ በጆግ ይዛ ከጓዳ በር ላይ ቆማለች። ፊቷ ቀላ፤ ወደ ጆጉ አየች፤ ወደ እሱ አየች።

«ተቀመጥ፣ አንተ» አለችው።

አንተ። ቢያዝን በዚያች ቃል ብቻ አንድ ሰው የሚሞቅ ጋቢ እንደደረበለት ተሰማው። በማግሥቱ ጠዋት ሱሪው ከነኪሱ ተፈትቶ፣ በደንብ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ ወንበር ላይ ጠበቀው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ባጃጅ ላይ የወጣ ደግሞ ከአፋፍም ያልፋል። ደሴ ለመጀመሪያው ተሳፋሪ የነገረው እውነቱን ነበር፦ ቢያዝን አንዲት አሮጌ ሲንጀር በሚሊዮን ገመተ። ማራኪ ሲደርስ ሁለት ሚሊዮን ሆነች። አዘዞ ስትደርስ ገዢዋ ከዱባይ መጥቷል። ወሬው በሚኒባስ ተጭኖ ሳንጃ ወረደ፣ በደባርቅ መንገድ ኮሶዬ ወጣ። በየደረሰበትም አንዳንድ ነገር ይጨመርለታል። በአሮጌ ሲንጀር መርፌ መያዣ ውስጥ ቀይ ነገር አለ፤ ከወርቅ ይበልጣል። ምልክቱም ስልክ ስታስጠጋባት ኔትወርክ መጥፋቱ ነው ተባለ። መቼም ጎንደር ውስጥ ኔትወርክ ለመጥፋት መርፌ ጠብቆ አያውቅም፤ ስለዚህ ያልተሳካለት ፈታሽ አልነበረም።

ሳምንት ሳይሞላ የቢያዝን በረንዳ ገበያ ሆነ። መኪና በባጃጅ መጣ፣ በጋሪ መጣ፣ በሰው ትከሻ መጣ። እግር የሌላት፣ መዘውር የሌላት፣ ዶሮ የሰፈረባት ሁሉ መጣች። ከሁሉ በፊት ማለዳ የደረሰው ታከለ የሚባል የኮሶዬ ገበሬ ነበር። መኪናውን በጋቢው ጠቅልሎ፣ እንደ ታመመ ዘመድ አጠገቡ አስቀምጦ፣ ለሁለት ሰው ከፍሎ ነው የመጣው።

«አያ ቢያዝን፣ እንደምን አደርህ። እስቲ ሸጋ አድርገህ እያት።»

ቢያዝን ጋቢውን ገለጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ መዘውሯን አዞረ። አልዞረችም።

«ሦስት ሺህ።»

ታከለ ዙሪያውን አየና ፈገግ አለ። «ገባኝ።»

«ምኑ ነው የገባህ?»

«ሰው አለ። ቀስ ብለህ ልትነግረኝ ነው።»

«ኧረ ሦስት ሺህ ናት፣ ወንድሜ።»

ታከለ ተጠግቶ በሹክሹክታ፣ «ሦስት ምን?» አለው።

ቢያዝንም ሳያውቀው በሹክሹክታ፣ «ሺህ» አለው።

«እሱን ለእነሱ በላቸው» አለ ታከለ፣ በወረፋው ላይ ያሉትን በአገጩ እያሳየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ከመርፌዋ አስጠጋና አሳየው። ኔትወርክ የለም። ቢያዝን እጁን ይዞ ከበረንዳው አወረደው፣ አስፋልቱን አሻገረው፣ ከባንኩ ደጃፍ አድርሶ «አሁንስ?» አለው። አሁንም የለም።

ታከለ ስልኩን አየ፤ መኪናውን በሩቁ አየ። «እስከዚህ ድረስ ትስባለች» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ታከለ ወደ ኮሶዬ አልተመለሰም። ዘመድ ቤት እያደረ፣ ቀን ቀን በረንዳው ጥግ ከመኪናው ጋር ተቀምጦ፣ ቆሎውን እየቆረጠመ፣ እውነተኛው ዋጋ እስኪነገረው ጠበቀ። ሌሎቹ እንደ እሱ ትዕግሥት አልነበራቸውም። ቢያዝን ሁለት ሺህ፣ አራት ሺህ ባለ ቁጥር፣ «አሳንሶ ሊገዛን ነው» እያሉ ያጉረመርማሉ። ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ሰው ያልተከራከረው ቢያዝን፣ እውነት በተናገረ ቁጥር ውሸታም ተባለ።

ቤት ሲገባ ደግሞ ሌላ ነው። የትነበርሽ የመኪናዋን ልብስ በጥልፍ ቀየረችው። መስፋቱንም አቆመች። ለወላጆች ቃል የገባችው ዩኒፎርም ተቆርጦ አልጋ ላይ ተቆልሏል። «ምነው?» ቢላት፣ «ስሰፋባት ትለቅ ብለህ ነው?» አለችው። ቢያዝን ደነገጠ። ያቺን ሚሊዮን የምር አምናት ይሆን? ሊጠይቃት ፈለገ፤ ግን ጥያቄው የሚወስደው ወደ «እርስዎ» መሆኑ ታየውና ተወው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደሴ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ይዞ ቤታቸው ድረስ መጣ። ጌቾ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ጥቁር መነጽር፣ በገመድ የታሰረ ማግኔትና አንድ ሆዱ የተነፋ ቦርሳ ይዟል። ታከለም ከፒያሳ ጀምሮ ተከትሏቸው ኖሮ፣ ሳይጠራ ገብቶ ከበሩ አጠገብ ቆመ።

«መኪናዋ ይቺ ናት?» አለ ጌቾ።

«ማን ነገረህ?» አለ ቢያዝን።

«አዲስ አበባ አንድ ወዳጄ ነገረኝ። እሱ ከባሕር ዳር ሰማ። የባሕር ዳሩ ደግሞ ጎንደር አንድ ቢያዝን የሚባሉ የታወቁ ባለሙያ በሚሊዮን እንደገመቷት ያውቃል። ሰውየው በዋጋ ስተው አያውቁም አሉ።»

ቢያዝን ተቀመጠ። ሚስቱን ለማስታረቅ የተናገራት ቃል፣ ባሕር ዳርን አቋርጣ፣ አዲስ አበባ አድራ፣ ቦርሳ ይዛ ወደ ቤቱ ተመልሳለች።

«ሁለት መቶ ሺህ አሁን በእጅ» አለ ጌቾ።

የትነበርሽ ጥልፉን አስተካከለች።

«ልጄ» አለ ቢያዝን፤ «የዚህች መኪና ዋጋ… ያን ያህል አይሆንም።»

«ሁለት መቶ ሃምሳ።»

«ባለ ታንኳ ናት። ዕቃዋ አይገኝም።»

«ብርቅ ናት ማለት ነዋ። ሦስት መቶ።»

«መሳቢያዋ ጠፍቷል።»

«ሦስት መቶ ሃያ።»

«አንድ እግሯ እኮ እንጨት ነው።»

ጌቾ ጎንበስ ብሎ እግሯን አየና፣ «ሦስት መቶ አርባ» አለ።

ታከለ ከበሩ ላይ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ያለ ድርድር በዕድሜው አይቶ አያውቅም፤ ሻጭ ባጣጣለ ቁጥር ገዢ ይጨምራል። ቢያዝን ግን ላብ አጠመቀው። ዝም ቢል ገንዘቡ ቤቱ ይገባል፣ ሚስቱም ትከበራለች። ገዢው ልጅ ግን ይጠፋል።

«ይህን ሁሉ ገንዘብ ከየት አመጣኸው?» አለው።

«መኪናዬን ሸጬ። ቪትዝ ነበረችኝ።»

«መኪናህን ሸጠህ መኪና ልትገዛ?»

ጌቾ «አዎ» ሲል ቦርሳውን በሁለት እጁ ያዘው። ቢያዝን ከዚያ በላይ አልቻለም።

«ስማኝ፣ ልጄ። ሚሊዮን ያልኩት ሱሪዬ ተተርትሮ ነው።»

ጌቾ መነጽሩን አወለቀ። ቢያዝን ከእሑዱ ምሳ ጀምሮ ሁሉንም ተናገረ፤ የሰብለ ወንጌልን፣ የኪሱን፣ የነፍስ አባቱን ምክር አንድም አላስቀረ። ሲናገር ወደ ሚስቱ ለማየት አልደፈረም። ደሴ ኪሱ ጋ ሲደረስ «እውነት ነው፣ እኔ ነበርኩ» ብሎ መሰከረ። ጌቾ ግን ሁሉን ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ሦስት መቶ ስልሳ፤ ከዚህ አላልፍም» አለ።

ይህን ጊዜ የትነበርሽ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ጥልፉን ገፈፈችና አጥፋ አስቀመጠችው። አንሶላ አምጥታ ወለሉ ላይ ዘረጋች።

«ፍታት» አለችው ባሏን።

ቢያዝን ካቻቢቴውን አወጣ። ብሎኗን፣ ጥርሷን፣ ዘንጓን እየፈታ በቅደም ተከተል አንሶላው ላይ ደረደረ። ከውስጧ የወጣው ነገር ጥጥ የመሰለ የጨርቅ ብናኝ ነበር፤ የዩኒፎርም ሰማያዊ ከላይ፣ ከሥሩ የመጋረጃ ቀይ፣ ከዚያም በታች የትነበርሽ እናት ሲሰፉበት የነበረው ካኪ። የተሰበረ የመርፌ ጫፍ አሥራ ሰባት ተቆጠረ። አንድ የድሮ ሳንቲምና አንድ የደረቀ ጢንዚዛም ወጣ። ታከለ ጢንዚዛውን አንሥቶ ወደ ብርሃን አዞረው፤ ቀይ አልነበረም፤ መልሶ አስቀመጠው።

ጌቾ አላመነም። ማግኔቱን በገመዱ አንጠልጥሎ አንሶላው ላይ አሳለፈ። የተደረደረው ብሎንና ዘንግ ሁሉ ዘሎ ማግኔቱ ላይ ተከመረ። አንድ ትልቅ የብረት ሽንኩርት ሆነ።

«እንግዲህ ያ ነው ያላት» አለ ቢያዝን።

ጌቾ ቦርሳውን አቅፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የትነበርሽ ምሳ አቀረበችለት፤ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ከዚያ የሁለት ሰው በላ። ሲወጣ ቢያዝንን ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ ሲል ቢያዝን አፍሮ ያዘው። ደሴ ከመናኸሪያ አድርሶት ሒሳብ አልተቀበለውም ይባላል፤ ይህን የተናገረው ግን ራሱ ደሴ ነው።

ታከለም በዚያው ዕለት መኪናውን በጋቢው ጠቅልሎ ወደ ኮሶዬ ተመለሰ። ስለ መኪናዋ የደረሰበት ፍርድ ግን ሌሎች እንደሚያስቡት አልነበረም። ለመንደሩ ሰው፣ «በዓይኔ አይቻለሁ፤ ፒያሳ ላይ በመቶ ሺዎች ነው የሚጫረቱት። እኔ ግን እምቢ ብዬ ይዣት መጣሁ» አላቸው። እስከ ዛሬ በዚህ ይከበራል።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ቢያዝን ከብረት ሽንኩርቱ ፊት ለፊት ቁጭ አለ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። «ስድስት ሺህ አምስት መቶ ናት።»

«መሆኗን መች አጣሁት?» አለች የትነበርሽ። «ስሰፋባት የኖርኩት እኔ አይደለሁም ወይ? ያናደደኝ ቀና ብለህ እንኳ ሳታያት መናገርህ ነው። የሰውን መኪና ዓይንህን ጨፍነህ፣ አዙረህ፣ አዳምጠህ ነው የምትገምት። የኔን ከእንጀራው ላይ ሆነህ ወረወርክልኝ።»

ቢያዝን ይህን አላሰበውም ነበር።

«እና ታዲያ መስፋቱን ለምን ተውሽው?»

«ዕረፍት አምሮኝ ነዋ። ባለ ሚሊዮን መኪና ይዞ ዩኒፎርም የሚሰፋ የት አይተሃል?»

መኪናዋን መልሶ ለመግጠም ሁለት ቀን ፈጀበት፤ ማግኔቱ ቅደም ተከተሉን ሁሉ ስላጠፋው ነው። ሲጨርስ ሁለት ብሎን ተረፈው። የት እንደነበሩ አሰበ፣ አሰበና ኪሱ ከተታቸው። የትነበርሽ ልትሞክራት ተቀመጠች። ሰፋች፤ ግን በየአሥር ስፌቱ እንደሚያስነጥስ ፍየል ድምፅ አወጣች። ቢያዝን ጆሮውን ሲያቀና «አምስት ሺህ ስምንት መቶ» የምትል ቃል ከሆዱ ተነሥታ ጥርሱ ድረስ መጣች። ምላሱን ነክሶ ዋጣት። ዕድሜውን ሙሉ የዋጣት የመጀመሪያዋ ዋጋ እሷ ናት።

ከዚያ ሁለት ወር ቆይቶ፣ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ መስኮቱ ሥር አዲስ ባለ ኤሌክትሪክ መኪና ቆማ አገኘ። የእናቷ መኪና ከእግሯ ተነቅላ ራሷ ብቻ በጥልፍ ልብሷ ተሸፍና ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጣለች።

«እግሯስ?»

«ተሸጠ» አለች የትነበርሽ፣ ክር እያስገባች።

ፒያሳ ላይ አዲስ ካፌ የከፈተች ሄለን የምትባል ወጣት፣ የድሮ ሲንጀር እግር ላይ እብነ በረድ ጭና ጠረጴዛ ልታሠራ እየዞረች ትፈልግ ነበር። የእንጨቷ እግር እንኳ ወደደቻት፤ «እንደሷ ያለ የትም የለም» አለች። ቢያዝን በሠላሳ አራት ዓመት የእግር ዋጋ ለብቻው ቆጥሮ አያውቅም። ለእሱ እግር ማለት መኪና የምትቆምበት ነው።

«ስንት ሰጠችሽ?»

«ሸጋ ዋጋ ነው።»

«ስንት?»

«አንተ ዋጋ አዋቂ አይደለህ? ገምታው።»

አዲሲቱን መኪና ዞሮ አያት። ሱቁን ያውቀዋል፤ የምትሸጥበትንም ያውቃል፤ ቢደምር ቢቀንስ ግን እግር ብቻ ይህን ያህል የሚያወጣበት መንገድ አልታየው አለ። በማግሥቱ ካፌው ሄዶ ሄለንን ጠየቃት። «እትየ የትነበርሽ እንዳልነግርዎ አስምለውኛል» አለችው።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት እዚያ ካፌ ገብቶ፣ ከዚያችው ጠረጴዛ ማኪያቶ ያዛል። ጎንበስ ብሎ ብረቱን ያያል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ጣቱን ከፔዳሉ በላይ ባለው ትልቁ መዘውር ላይ ያሳርፋል። ቁጥር አይመጣለትም። እግሩ ግን ሳያውቀው ፔዳሉን መርገጥ ይጀምራል፤ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ ብርጭቆው ቀስ እያለ ወደ ጫፉ ይሄዳል። አስተናጋጇ ከወዲያ ማዶ ሆና፣ «አባባ፣ እግርዎን» ትለዋለች። ቢያዝንም ይተወዋል፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይጀምራል።